የባዶው ጓዳ ነገር
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ጥቂት ቃል ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ፤ ላይ ላዩን ሲመለከቱት የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ብቻ የሚነካ ይመስላል። ይኸውም ቨርቹዋል አፕላያንስ የሚባለው የኮምፒውተር ዐይነት፤ በሌላ ክፍል ወይም በሌላ ሕንፃ ከተቀመጡ ፋይሎች ጋራ በኔትዎርክ የሚገናኝበት መንገድ ነው። ነገር ግን መዝገብ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ፤ በመዝገቡም የሚተማመን ባለጉዳይ ሁሉ፤ ሳያውቀው የዚህ ነገር ተካፋይ ሆኖአል። ስለዚህ ስሙ እንግዳ ቢሆንባችሁም ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁምና፤ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ባልደረባ ነበርሁ። መሥሪያ ቤቱ የመዝገብ ቤቱን ወረቀቶች በስካነር እያነሣ የሚያስቀምጥበት፤ በተፈለገም ጊዜ በቁጥራቸው የሚያወጣበት አንድ ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙን ያቋቋምሁት እኔ ነኝ። በሥራው ላይ የተመደበችውም የሙከራ ጊዜዋን ገና ያልፈጸመች አንዲት ወጣት ጸሐፊ ነበረች።

በአንድ ሰኞ ቀን አንድ አዛውንት ከሩቅ አገር መጥተው የአገልግሎት ዘመናቸውን የሚያስረዱ ወረቀቶች አቀረቡ። ጸሐፊዋም ወረቀቶቹን በስካነር አነሣች፤ የመዝገብ ቁጥር ሰጠቻቸው፤ ዋናዎቹንም መልሳ አስረከበቻቸው። አዛውንቱ ወረቀታቸውን ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ዘመድ ሰጥተው፤ እርሳቸው ውሳኔውን ለመጠባበቅ በከተማ ቆዩ። ዓርብ ዕለት ተመልሰው ሲመጡ ቁጥሩ በመዝገቡ ላይ ይታያል፤ ቀኑም ሰዓቱም ተጽፎአል፤ ወረቀቶቹ ግን የሉም።

ጸሐፊዋ፤ «አባባ፤ ወረቀቶቹ አልተገኙምና እንደገና ያምጡልን» ብትላቸው፤ «ልጄ፤ ሰኞ በዐይኔ እያየሁ በማሽኑ ያሳለፍሻቸው ወረቀቶች ወዴት ሄዱ?» ብለው ጠየቋት። ልትመልስላቸው አልቻለችም። አለቃዋም፤ «ቁጥሩን መዝግባ ወረቀቱን ሳታነሣ ቀርታለች» በማለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲዘጋጅባት አዘዘ።

ሲመረመር ደግሞ የጠፋው የአዛውንቱ ብቻ አልነበረም። ከሰኞ ጧት እስከ ረቡዕ ማታ የተነሣው ወረቀት በሙሉ፤ ከሁለት መቶ የሚበልጥ፤ የለም። ከዚያ በፊት የነበረው አለ፤ ከዚያ በኋላ የመጣውም አለ፤ በመካከል ያለው የሦስት ቀን ሥራ ብቻ እንደ ጉም ተንኖአል። ወረቀቶቹ ወዴት እንደ ሄዱ ለመረዳት፤ አስቀድሞ የዚህን ኮምፒውተር ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም ብቻ የሚቋቋም ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፤ የራሱ ሜሞሪ፤ የራሱ ዲስክ ያለው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሁሉንም ከባለቤቱ ኮምፒውተር እየተካፈለ በደባልነት ይኖራል። ሐሳቡ የትናንት ሐሳብ አይደለም። አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲደክምበት ቆይቶ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ቪኤም 370 የተባለውን ሥርዓት አስታውቆአል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በተራው የጠረጴዛ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ቪኤምዌር የተባለው ኩባንያ በ1999 ይህንኑ ጥበብ ይዞ ብቅ አለ።

ቨርቹዋል አፕላያንስ የተባለው የዚህ ልጅ ነው። አንድን ፕሮግራም፤ ለእርሱ ከሚያስፈልገው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋራ፤ ሠሪው አስቀድሞ አዘጋጅቶና አስተካክሎ፤ በአንድ ጥቅል አሽጎ ይልከዋል። ተቀባዩ ጥቅሉን በኮምፒውተሩ ላይ ዘርግቶ ያስነሣዋል እንጂ፤ ክፍል በክፍል እየገጣጠመ አይደክምም። የልዩ ልዩ ሠሪዎች ጥቅል ሁሉ በአንድ ደንብ እንዲታሸግ፤ ኦቪኤፍ የተባለው የጋራ ደንብ በ2009 ታትሞ ወጥቶአል። በምሳሌ ለመናገር፤ አፕላያንስ ማለት ጠረጴዛውን፤ ወንበሩንና የሥራ መመሪያውን ሸክፎ የሚመጣ፤ በመጣበትም ቀን ሥራ የሚጀምር ሠራተኛ ማለት ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሠራተኛ አንድ ጠባይ አለው። ተለዋጭ ነው። ሠሪው የተሻሻለ ጥቅል ባወጣ ጊዜ፤ ብዙውን ጊዜ አሮጌው ይወገድና አዲሱ በቦታው ይተከላል። ይዞት የሚመጣውም ዲስክ ሠሪው በገመተለት መጠን የተለካ ስለ ሆነ፤ የአንድን መሥሪያ ቤት የብዙ ዘመን ወረቀት ሊችል አይገባውም። ወረቀቱ በሠራተኛው ሻንጣ ውስጥ ቢቀመጥ፤ ሠራተኛው በተለወጠ ቀን ወረቀቱም አብሮት ይሄዳል። ሹም ይሻራል፤ መዝገብ ግን ይኖራል። ስለዚህ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ሠራተኛውን በአንድ ቦታ፤ መዝገቡን በሌላ ቦታ አድርጎ፤ በመካከላቸው መንገድ ያበጃል።

ከመንገዶቹ አንዱና የታወቀው ኔትዎርክ ፋይል ሲስተም፤ ባጭሩ ኤንኤፍኤስ የሚባለው ነው። ያበጀው በካሊፎርኒያ የነበረው ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለ ኩባንያ ሲሆን፤ ዘመኑም 1984 ነው። ራስል ሳንድበርግና ባልደረቦቹ አሠራሩን በ1985 በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ በጽሑፍ አቅርበውታል። ኩባንያው ደንቡን በምሥጢር አልያዘውም፤ ሌሎች ሠሪዎችም ሊጠቀሙበት እንዲችሉ ገልጦ አወጣው እንጂ። ሁለተኛው ዕትም በ1989፤ ሦስተኛው በ1995፤ አራተኛው በ2000 በይፋ ታትመዋል፤ አራተኛውም በ2003፤ በ2010ና በ2016 እየታረመና እየሰፋ ሄዶአል። ሰን ማይክሮሲስተምስ ራሱ በ2010 ለኦራክል ተሸጦአል። የኩባንያው ስም አለፈ፤ ያወጣው ደንብ ግን በልዩ ልዩ ሠሪዎች ኮምፒውተሮች ላይ ዛሬም ይሠራበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአፕላያንሱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት፤ ፋይሉ በአጠገቡ ያለ ይመስለዋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ግን ጥያቄውን ተቀብሎ፤ «ከዚህ ፋይል፤ ከዚህ ቦታ ጀምረህ ይህን ያህል አንብብልኝ» የሚል መልእክት አድርጎ በኔትዎርኩ ላይ ይልከዋል። በሩቅ ያለው የፋይል ሰርቨርም ያነብና ይመልሳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዕትም፤ እያንዳንዱ መልእክት ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ስለሚሄድ፤ ሰርቨሩ ከማን ጋራ ሲነጋገር እንደ ቆየ ማስታወስ አያስፈልገውም ነበር። ሰርቨሩ ወድቆ ቢነሣ፤ ጠያቂው ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ይልካል፤ ሥራውም ከቆመበት ይቀጥላል። አራተኛው ዕትም ግን ማን ምን ፋይል እንደ ከፈተና ማን ምን እንደ ቈለፈ ይመዘግባል። ቀድሞ በልዩ ልዩ በሮች ይተላለፍ የነበረውንም ሁሉ 2049 በተባለው በአንድ በር እንዲያልፍ አድርጎአል። ይህም ለበር ጠባቂዎች ሥራውን አቅልሎላቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። አፕላያንሱ ከሩቁ መዝገብ ጋራ የሚገናኝበት ሥራ በባለሙያዎች ቋንቋ ማውንት ማድረግ ይባላል። በአፕላያንሱ ውስጥ አንድ ባዶ ፎልደር ይመረጥና፤ የሩቁ መዝገብ በእርሱ ላይ ይገጠማል። ይህን ፎልደር በሠራተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ እንዳለ በር ቍጠሩት። ግንኙነቱ ሲደረግ በሩ ወደ ሩቁ መዝገብ ቤት ያስገባል፤ ግንኙነቱ ሳይደረግ ሲቀር ግን በሩ አይቈለፍም። ከበሩ ኋላ አንዲት ትንሽ ባዶ ጓዳ አለች፤ በሩ ወደ እርስዋ ይከፈታል። ሠራተኛው ዐይን የለውምና በሩ በመከፈቱ ብቻ ወደ መዝገብ ቤት የገባ ይመስለዋል። ያመጣውንም ወረቀት በጓዳዋ ውስጥ አኑሮ፤ «አስቀምጫለሁ» ብሎ ይመዘግባል።

የእኛም ነገር እንዲሁ ነበር። በዚያ ሳምንት እሑድ ሌሊት መብራት ጠፋ። መብራት ሲመጣ አፕላያንሱም የፋይል ሰርቨሩም በአንድ ጊዜ ተነሡ። አፕላያንሱ ቀላል ስለ ነበረ ፈጥኖ ተነሣ፤ ሰርቨሩ ግን ዲስኮቹን ሲመረምር ዘገየ። አፕላያንሱ በሩን ለመግጠም ጠየቀ፤ ጠበቀ፤ መልስ ሲያጣ ተወውና ሥራውን ጀመረ። ጸሐፊዋ ሰኞ ጧት ስትገባ ፕሮግራሙ እንደ ወትሮው ይሠራል። ወረቀት አነሣች፤ «ተቀምጦአል» አላት፤ አመነችው። ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቱ ሁሉ በጓዳዋ ውስጥ ተከማቸ። አሮጌ ማኅደር ለመክፈት ሞክረው ያልተሳካላቸው ሠራተኞች ነበሩ፤ ነገር ግን የመብራቱ ጣጣ ነው ብለው እስከ ረቡዕ ድረስ አልነገሩኝም።

ረቡዕ ማታ ሲነግሩኝ፤ እኔም በችኰላ አፕላያንሱን አጥፍቼ አስነሣሁት። ሰርቨሩ በዚያን ጊዜ ዝግጁ ነበርና በሩ በትክክል ተገጠመ፤ አሮጌዎቹ ማኅደሮች ሁሉ ታዩ። «ተበጀ» ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው። በሩ ወደ መዝገብ ቤቱ ሲዞር፤ ጓዳዋ ከነወረቀቱ ከበሩ ኋላ ተሸፈነች። ወረቀቶቹ አልጠፉም፤ ነገር ግን ማንም ሊያያቸው በማይችልበት ስፍራ ቀሩ። ዝርዝር መዝገቡ በአፕላያንሱ በራሱ ዲስክ ላይ ይጻፍ ስለ ነበር፤ ቁጥሩ ታየ፤ ወረቀቱ ግን አልታየም። የጸሐፊዋም ስም የጐደፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የታሰበኝ ዓርብ ሌሊት በመኝታዬ ላይ ሳለሁ ነው። ቅዳሜ ጧት ገብቼ ፕሮግራሙን አቆምሁ፤ የሩቁን መዝገብ ከበሩ አላቀቅሁ፤ ፎልደሩንም ከፍቼ ብመለከት የሦስቱ ቀን ወረቀት በሙሉ በተራ ተደርድሮ ቆየኝ። ወደ ሰርቨሩ ገለበጥሁት፤ ከዝርዝሩም ጋራ አንድ በአንድ አመሳከርሁት። ሰኞ ዕለት ለአለቃዋ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በጽሑፍ አስረዳሁ፤ ማስጠንቀቂያውም ተሰረዘ። አዛውንቱም ተጠርተው መጡ፤ ወረቀቶቻቸው በመስኮቱ ላይ ተከፍተው ሲታዩ ምንም አልተናገሩም፤ ጸሐፊዋን ብቻ አመስግነው ተቀመጡ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? መጀመሪያ የምንማረው፤ በሩ ሳይገጠም ሠራተኛው ሥራ እንዳይጀምር ማዘዝ እንደሚገባ ነው። ይህ ከባድ ነገር አይደለም። በአፕላያንሱ የመነሻ ሥርዓት ውስጥ፤ ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ማውንቱ የግድ እንዲፈጸም፤ ካልተፈጸመም ፕሮግራሙ እንዳይነሣ የሚያደርግ ትእዛዝ ይጻፋል። ሁለተኛው፤ ጓዳዋን ማሸግ ነው። በሩ ሳይገጠም ሳለ ባዶው ፎልደር ማንም እንዳይጽፍበት ይከለከላል፤ በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙ ወረቀት ሊያኖር ቢሞክር «አልተቻለም» የሚል ስሕተት ይመልሳል፤ ጸሐፊዋም ወዲያው ታውቃለች። እኔ ግን ፎልደሩን ስከፍት ለፕሮግራሙ የመጻፍ ሥልጣን ሰጥቼው ነበር፤ ጥፋቴም ይህ ነው። ሦስተኛው፤ በሩቁ መዝገብ ውስጥ አንዲት የምልክት ፋይል ማኖርና፤ ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ያችን ምልክት እንዲፈልግ ማድረግ ነው። ምልክቷ ከታየች ቤቱ እውነተኛው ቤት ነው፤ ካልታየች ባዶው ጓዳ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ እንደሚባለው፤ ሦስት ቀን የሚያስለቅሰውን ነገር በሦስት ደቂቃ መከላከል ይቻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ስለ ሥልጣን ነው። በመሥሪያ ቤት ሰውን የምናውቀው በስሙ ነው፤ ኤንኤፍኤስ ግን በተለመደው አሠራሩ የሚያውቀው በቁጥር ነው። ለምሳሌ ዴብያን በተባለው የሊኑክስ ዐይነት ላይ የድረ ገጽ አገልግሎት የሚሠራው በ33 ቁጥር ነው፤ ሬድ ሃት በተባለው ላይ ደግሞ አፓቺ የተባለው ይኸው አገልግሎት በ48 ቁጥር ይሠራል። አፕላያንሱ በዴብያን፤ ሰርቨሩ በሬድ ሃት የተሠሩ ቢሆኑ፤ አፕላያንሱ «33 ነኝ» ብሎ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ፎልደሩ የ48 እንደ ሆነ አይቶ ይከለክለዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የተስማሙበት ቁጥር አለመኖሩ ነው እንጂ። የአስተዳዳሪው የሩት ሥልጣን እንኳ በሰርቨሩ ዘንድ ዋጋ የለውም። ቁጥሩ 0 የሆነው ይህ ባለ ሙሉ ሥልጣን ከሩቅ ሲመጣ፤ ሰርቨሩ አስቀድሞ ካልተፈቀደለት በቀር፤ ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ 65534 ወደ ሆነው «ማንም ያልሆነ ሰው» ይለውጠዋል። በቤቱ ጌታ የሆነ ሁሉ በሰው ቤት ጌታ አይደለምና፤ ይህ ደንብ ጥሩ ደንብ ነው።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው ይሰናከላል። «ተከለከልሁ» ብሎ ተናዶ፤ ለሁሉም ሰው የማንበብና የመጻፍ ሥልጣን በአንድ ትእዛዝ ይለቃል። ጉዳዩ የተፈታ ይመስላል፤ ነገር ግን የመዝገብ ቤቱን ቍልፍ በበሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው። ትክክለኛው መንገድ በሁለቱም ወገን አንድ ቁጥር መስማማት ነው። አፕላያንሱ የታሸገ ሆኖ ቁጥሩን መለወጥ ባይቻል ደግሞ፤ ከእርሱ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ወደ አንድ የታወቀ ቁጥር እንዲመልስ ሰርቨሩን ማዘዝ ይቻላል። በሰርቨሩ ላይ ኤክስፖርትስ የሚባል ዝርዝር አለ፤ የትኛው ፎልደር፤ ለየትኛው አድራሻ፤ ለማንበብ ብቻ ወይስ ለመጻፍም እንደ ተፈቀደ የሚወሰነው በዚያ ነው። በዚያ ዝርዝር የአፕላያንሱ አድራሻ ብቻ ሊጻፍ ይገባል፤ መላው የመሥሪያ ቤት ኔትዎርክ መጻፍ የለበትም።

የዚህም ምክንያት ግልጥ ነው። ሰርቨሩ የሚያምነው ጠያቂው የተናገረውን ቁጥር ነው። በተፈቀደው አድራሻ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው፤ የፈለገውን ቁጥር «እኔ ነኝ» ሊል ይችላል። ወረቀቱም በኔትዎርኩ ላይ ሲያልፍ በተለመደው አሠራር ሳይታሸግ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አፕላያንሱንና ሰርቨሩን የሚያገናኘው መንገድ ከሌላው ሠራተኛ ኮምፒውተር ተለይቶ ቢሠራ ይመረጣል። ከዚህ የበለጠ ጥበቃ ለሚፈልግ፤ ማንነትን በማስረጃ የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ የተባለው ሥርዓት አለ፤ መልእክቱንም ሊያሽግ ይችላል። በ2022 ደግሞ መልእክቱን በቲኤልኤስ አሽጎ የማስተላለፍ ደንብ ታትሞ ወጥቶአል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ኔትዎርኩ በመካከል ቢቋረጥ ምን ይሁን? ኤንኤፍኤስ ሁለት ዐይነት መልእክተኛ አለው። አንደኛው ጽኑ መልእክተኛ ነው፤ ሰርቨሩ እስኪመለስ ድረስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ፕሮግራሙም እስከዚያው ድረስ ተገትሮ ይቆያል። ሁለተኛው ለዘብተኛ መልእክተኛ ነው፤ ጥቂት ጊዜ አንኳኵቶ መልስ ሲያጣ፤ «አልተቻለም» ብሎ ይመለሳል። ሁለተኛው ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ ኮምፒውተሩ አይገተርምና። ነገር ግን በጽሕፈት መካከል ተስፋ ቈርጦ ከተመለሰ፤ ፕሮግራሙም ስሕተቱን ልብ ካላለው፤ ወረቀቱ በግማሹ ተጽፎ ሊቀር ይችላል። ለሚነበብ ብቻ መዝገብ ለዘብተኛው ሊበቃ ይችል ይሆናል፤ ለሚጻፍበት መዝገብ ግን ጽኑው ይሻላል። ግማሽ ከተጻፈ ውሳኔ ይልቅ፤ የዘገየ ውሳኔ ይመረጣል።

በመጨረሻም አንድ ታላቅ ስሕተት አለ፤ እርሱንም ሳልናገር ባልፍ ያሳዝነኛል። ብዙ ሰው ወረቀቱ በሩቅ ሰርቨር ላይ ስለ ተቀመጠ የተጠበቀ ይመስለዋል። ርቀት ግን ጥበቃ አይደለም። አፕላያንሱ የሚሠራው በዚያው በአንዱ መዝገብ ላይ ነው፤ በአፕላያንሱ በኩል የተሰረዘ ወረቀት በሰርቨሩም ላይ ወዲያው ይሰረዛል። ግልባጭ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ በሌላ ዲስክ ላይ፤ በሌላ ቦታ፤ በታወቀ ቀን የሚደረግ ሁለተኛ ቅጂ ነው። ዝርዝሩ በአፕላያንሱ፤ ወረቀቱ በሰርቨሩ ሲሆን ደግሞ፤ የሁለቱ ግልባጭ በአንድ ጊዜ ሊወሰድ ይገባል። ዝርዝር ያለ ወረቀት፤ ወረቀትም ያለ ዝርዝር ምን እንደሚያመጣ በአዛውንቱ ነገር አይተነዋል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ በእጁ የሚሠራ ጥቂት ነው። ነገር ግን አለቃ የሆነ፤ መዝገብ የሚጠብቅ፤ በመዝገብም ላይ የሚፈርም ብዙ ነው። ስለዚህ የትእዛዙን ቃል ማወቅ ባያስፈልጋችሁም፤ ለባለሙያው የምታቀርቡአቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፤ «ወረቀታችን የሚኖረው በሠራተኛው ሻንጣ ውስጥ ነው ወይስ በመዝገብ ቤቱ?» የሚል ነው። ሁለተኛው፤ «በሩ ሳይገጠም ቢቀር በምን እናውቃለን?» ሦስተኛው፤ «ወደ መዝገቡ መግባት የተፈቀደለት ማን ነው፤ በስንት ቁጥርስ ይታወቃል?» አራተኛውም፤ «ግልባጩ ወዴት ነው፤ ከግልባጩስ አንድ ወረቀት አውጥታችሁ የሞከራችሁት መቼ ነው?» የሚል ነው። ባለሙያው ለአራቱም ያለ ማመንታት ከመለሰ፤ እናንተም በሰላም ፈርሙ። ለአንዱ እንኳ ቢያመነታ፤ ያን ቀን ሥራው ሁሉ ቆሞ ይጣራ።

አንድ ነገር ደግሞ በልባችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ። ወረቀት በጠፋ ጊዜ፤ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠውን ትንሹን ሠራተኛ ለመውቀስ አትቸኩሉ። ማሽኑ «ተቀምጦአል» ብሎ ነግሮት ይሆናል፤ እርሱም አምኖ ይሆናል። ያችን ወጣት ጸሐፊ ከወቀሳ ያዳናት የሌሊት ሐሳብና የተከደነች አንዲት ፎልደር መከፈት ብቻ ነው። ቅዳሜ ጧት ባልገባ ኖሮ፤ ያላጠፋችው ጥፋት በማኅደርዋ ውስጥ ተጽፎ በኖረ ነበር፤ ያም ወረቀት፤ በእርግጥ ሳይጠፋ፤ ማንም በማያየው ጓዳ ውስጥ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ይህን ካልሁ በኋላ ንግግሬን በዚህ እፈጽማለሁ።